«ብቻ» እና «ብቸኝነት»፤ ስለ አንድ ቃል አገባብ

በቅርብ ዘመን በሚጻፉ ልብ ወለዶችና ትርጉሞች ውስጥ «ብቸኝነት» የሚለው ቃል የኀዘን ስም ሆኖ ተቀምጧል። ባለታሪኩ በከተማ መካከል ሲተክዝ «ብቸኝነት ተሰማው» ይባላል፤ አንባቢም ያልፈዋል። ቃሉ የተወለደበትን ቤት ለሚያውቅ ሰው ግን አባባሉ ይጎረብጣል፤ «ብቻ» በአማርኛ የሚያመለክተው የልብን ሁኔታ ሳይሆን ወሰንን ነውና።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ሁለት ሰዎች ምሥጢር ሊነጋገሩ ሲፈልጉ «ብቻችንን እንሁን» ይላሉ። ባልና ሚስት እንግዶቻቸውን ሸኝተው «ብቻቸውን ቀሩ» ይባላል፤ ደስታቸው ግን አልጎደለም። ቃሉ ሌላው ሰው ከደጅ መሆኑን ብቻ ይናገራል። (በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ያንኑ ሥራውን ሲሠራ ይታያል።) «ብቸኛ ወራሽ» የሚባለውም ሰው የሚቀናበት እንጂ የሚታዘንለት አይደለም።

ሥሩ ሲመረመር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በግዕዝ «ባሕቲቱ» እርሱ ብቻውን ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 18፣ የአዳም ያለ ረዳት መኖር መልካም እንዳይደለ በሚነገርበት ስፍራ፣ ግዕዙ ይህን ቃል፣ አማርኛው «ብቻውን» የሚለውን ይዟል። አዳም ስለ ማዘኑ የተነገረ የለም፤ የተፈረደው በኑሮው ላይ ነው። ከዚያው ሥር «ባሕታዊ» እና «ብሕትውና» ወጥተዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ቃላትን በየሥራቸው ስለሚያሰልፍ እንዲህ ያለው ዝምድና ከዐይን አይሰወርም፤ በባዕድ ቋንቋ አቻ ብቻ የሚፈታ መዝገብ ግን ይበትነዋል። የዋልድባ ባሕታዊ ሰውን ትቶ የሄደ ነው፤ ሰው የተወው አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ደግሞ የሚነቅፈው ስስታሙን ነው። አንዱ ለጸሎቱ፣ ሌላው ለሆዱ ሲል ነው እንጂ፣ ሁለቱም ደጃቸውን የዘጉት በፈቃዳቸው ነው።

ታዲያ አማርኛ ላልተፈለገው ሕመም ቃል የለውም? ከአንድም በላይ አለው። «ባይተዋር» በሰርግ ቤት ሕዝብ መካከል ተቀምጦ የሚያጫውተው ያጣ ሰው ነው። ልጆች ሲሄዱ «ቤቱ ጭር አለ» ይባላል፤ ሕመሙ ለቤቱ ይሰጥና የባለቤቱ ክብር ይጠበቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ሰው የለኝም» ነው። ይህን የሚል ሰው ጎረቤት ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ያጣው ሲታመም የሚያስታምመውን፣ ሲከሰስ የሚዋሰውን፣ ሲሞት የሚቀብረውን ወገን ነው።

ልዩነቱን መዘንጋት የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ሆኖ አይቀርም። መጠይቅ ይዞ የሚዞር ተመራማሪ አንዲትን ባልቴት «ብቸኝነት ይሰማዎታል ወይ?» ቢላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ደጄ መቼ ሰው አጥቶ ያውቃል» ሊሉት ይችላሉ፤ እርሱም በወረቀቱ ላይ «የለም» ብሎ ይጽፋል። «ሰው አለዎት ወይ?» ቢላቸው ኖሮ ምናልባት ዝም ይሉ ነበር። ተርጓሚውም የባዕዱ ባለታሪክ ያጣው ወገን ይሁን ወይም ጨዋታ ሳይለይ በየስፍራው «ብቸኝነት» ሲል የሦስቱን ድምፅ አንድ ያደርገዋል።

ይህ ሲባል ቃሉ ይሰረዝ ማለት አይደለም። በከተማ ክፍል ተከራይተው ለየብቻቸው በሚያድሩ ወጣቶች አፍ «ብቸኝነት» አዲስ ትርጉም ይዞ ሕያው ሆኗል። በባላገር አሮጊት አፍ ሲገባ ግን የተውሶ ልብስ ይመስላል።