የፕላስቲክ ጭፍራና የመንዝ ሰው

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ እንደ ጨዋታ መጫወት በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በ1824 የፕሩስያ መኮንኖች ለጦር ትምህርት ተጠቀሙበት፤ በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ መጽሐፍ ጽፎ የቤት መዝናኛ አደረገው፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ሆኗል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እዚህ የምንመረምረው «የመካከለኛው ዘመን» በሚል ስም የሚሸጡትን ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ነው፤ የምንመለከታቸውም ከጓሳ፣ ማለት ከመንዝ ደጋ ላይ ሆነን ነው። የሰው ምስል የቀረጸ ሁሉ ስለ ሰው አንድ ነገር ተናግሯልና፣ የተናገረው እውነት መሆኑን መጠየቅ የሕዝብን ኑሮ የሚያጠና ሰው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ፔሪ ሚኒየቸርስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1450 እስከ 1500 የነበሩትን የእንግሊዝ እግረኞች የሚያሳይ ሣጥን አውጥቷል። በሣጥኑ ውስጥ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ 40 ሰዎች አሉ። ራሱና ክንዱ ከአካሉ ተለይቶ ስለሚመጣ፣ ገዢው እንደ ወደደ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ከአርባው ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ሳይሆኑ ሊቀሩ ይችላሉ። የተደረበውና የተሰፋው የጨርቅ ጥሩር እጥፋቱ ሳይቀር ይታያል። ልብስን በዚህ ጥንቃቄ የሚያጠና ባለሙያ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ሥዕል ይበልጣል።

ዳሩ ግን በዚያው ዘመን፣ ከመንዝ በማይርቀው በደብረ ብርሃን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተቀምጦ ነበር። ጨዋ የሚባሉትን ጭፍሮች በየአገሩ ያሰፈረ ንጉሥ እርሱ ነው፤ ከነዚህም ጭፍሮች የአንደኛው ስም ጃን አሞራ እስከ ዛሬ በሰሜን የወረዳ ስም ሆኖ ይኖራል። በእንግሊዝ የጨዋታ ደንቦች ውስጥ የሐበሻ ሠራዊት የራሱ ዝርዝር ተሰጥቶታል። በፕላስቲኩ ሣጥን ላይ የምናነበው «መካከለኛ ዘመን» ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ነው። ምክንያቱ ንቀት አይመስለኝም፤ ፕላስቲክ የሚፈስስበት የብረት ፎርማ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ ገበያው ሰፊ ለሆነ ርእስ ብቻ ይሠራል። የእኛን ሰው የሚፈልግ ተጫዋች ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራውን ይገዛል፣ ወይም የሌላውን አገር አካል ቈርጦ ሸማ ያለብሰዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ትችት ባላስፈለገው ነበር።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። አርባው ሰው ሁሉ ተዋጊ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከሁሉ በፊት ሰፈር እንደ ነበረ ያውቃል። ንጉሡ በተነሣ ቍጥር ታቦታቱ፣ ዳኞቹ፣ ገበያውና ማድ ቤቱ አብረው ይነሣሉ፤ ባረፈም ጊዜ እያንዳንዱ የታወቀ ቦታውን ይዞ ይሰፍራል። እህል የምትፈጨው፣ ውሃና ጠጅ የምትሸከመው ሴት ከሌለች ጦረኛው ሳምንት አይዘልቅም። የጨዋታው ደንብ ሰፈርን ፈጽሞ አልረሳም፤ ነገር ግን በጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከሠራዊቱ ጀርባ አኑሮ ጠላት የሚዘርፈው ዕቃ አድርጎታል። በአውሮፓ ልክ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ጠርዝ ላይ የተጣለው ነገር መንግሥቱ ራሱ ነበር።

እዚህ ላይ የሀገራችንን ሰንጠረዥ ማንሣት ተገቢ ነው። የሰንጠረዡ ንጉሥና ፈረስ ልብስ የላቸውም፣ መልክም የላቸውም፤ ስለ ጦርነት ግን ፕላስቲኩ የማይናገረውን ይናገራሉ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፣ ጨዋታው የሚጀመረው ወረራ በሚባለው ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እጃቸው እንደ ፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ። የክተት ጥድፊያ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጨዋታ አላየሁም። በፈረንጁ ጨዋታ ግን ሁሉም በተራው ነው።

የቀረው መሬቱ ነው። ተጫዋቾች በወታደሩ መቆሚያ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ይለጥፋሉ፤ ሣሩም እንደ ታጨደ መስክ እኩልና ለጋ ነው። የጓሳ ሣር ግን ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጫማ ምድር ጉብ ጉብ እያለ የሚበቅል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጅራፍ የሚሆን ሀብት ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እንግዲህ የመንዝን ጭፍራ በፕላስቲክ ለመቅረጽ የሚነሣ ባለሙያ የመጀመሪያውን ፎርማ ለተጫነችው አህያ፣ ለጓሳው ገመድና በሶ ለያዘው ስልቻ ቢሰጥ፣ ጦርና ጋሻው በሁለተኛው ሊደርስ ይችላል።