ውል ቅኔ ሲሆን

የተለመደውን የአሜሪካን የቤት መድን ውል እንደ ድርሰት ካነበብነው፣ ዋናው ገፀ ባሕርይ «ነገር ግን» የሚለው ቃል ነው። በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይነሳል። በክረምት ውኃው በረዶ ሆኖ ቧንቧው ቢፈነዳና ቤቱ ቢበላሽ ይካሳል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቤቱን ለማሞቅ፣ አለዚያም ውኃውን ዘግቶ ቧንቧውን ለማድረቅ «ተገቢ ጥንቃቄ» ማድረግ ነበረበት። የበረዶ ክብደት ጣራ ቢደረምስ ይካሳል፤ ነገር ግን ያው በረዶ ቀልጦ ጎርፍ ሆኖ በበር ቢገባ፣ ሌላ የጎርፍ መድን ያስፈልጋል።

ለመሆኑ «ተገቢ» ስንት ዲግሪ ነው? በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በዚያ ቆፈን መብራት ጠፋባቸው። ሰውዬው ቤቱን በምኑ ያሙቀው? በትንፋሹ?

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አሻሚ የመድን ቃል ሲገጥማቸው ባመዛኙ ለመድን ገቢው እንዲያደላ አድርገው ይተረጉሙታል። ደግ ነው፤ ግን ጣራው እያፈሰሰበት ችሎት የሚመላለስ ስንቱ ነው? ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያምራል። ውል ላይ ሲሆን ግን ወርቁ ለጸሐፊው፣ ሰሙ ለፈራሚው ይደርሳል። ዳላስም ሆነ ዴንቨር ቤት የገዛችሁ ወገኖች፣ ክረምቱ ሳይገባ «ነገር ግን» የሚለውን እየፈለጋችሁ አንብቡ።