ሻሹ የሚገልጠው

ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስታዘቀዝቅ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እምብዛም ሳይርቅ፣ አንድ ወጣት ስልኩን በድንጋይ አስደግፎ፣ ሻሽ ጠምጥሞ፣ ነጠላውንም እንደ እናቶች አጣፍቶ ራሱን ሲቀርጽ በዐይነ ልቡና የተመለከተ ሰው፣ ያየው ተራ ቧልት ሳይሆን ጥንታዊ ኪነት መሆኑን ይረዳል። የአማርኛ ቲያትር ገና በጅምሩ ሳለ፣ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ቀደምት ሴት ተዋንያን መድረኩን በድፍረት እስኪረግጡ ድረስ፣ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩና፤ በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። በአሜሪካም ሩፖል የተባለው የመድረክ ሰው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ባቀረበው ውድድር፣ ድራግ የተባለው፣ በሌላ ጾታ አለባበስ የመጫወት ጥበብ ከምሽት ክበብ ወጥቶ በዓለም አደባባይ ታውቋል።

የሐዋሳው ወጣት መጋረጃ ከፋች ሳይጠብቅ፣ በቲክቶክ ላይ ራሱ ደራሲ፣ ራሱም ተዋናይ ሆኖ ይቀርባል። እናት ቡና እየወቀጠች የምታጉተመትመውን ምሬት፣ ልጇን ስትመርቅም መዳፎቿን ወደ ሰማይ የምትዘረጋበትን አኳኋን እንዲህ አጥርቶ ማሳየት ከፍቅር እንጂ ከንቀት አይመነጭም።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ሻሹ ጠጉርን ቢሸፍንም ልቡናን መግለጡን ነው፤ «ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም» እየተባለ ታፍኖ የኖረ ርኅራኄ በዚያች አጭር ትርኢት ነጻ ይወጣልና። ሻሹን ፈትቶ ለተመልካቹ እጅ ሲነሣ በፊቱ ላይ የሚነበበው እፎይታ፣ ራሱን ያልካደ ሰው ሰላም ነው።