የሰው ኮድ ከመዋሳችሁ በፊት

ዝናቡ ማክሰኞ ዘነበ፤ ወንዙ ግን ሰኞ ሞላ። እንዲህ የሚል ግራፍ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ወንዙን አትጠርጥሩ። መጀመሪያ የቀን መቀየሪያውን ጠርጥሩ።

እኔ በእጅ የተጻፉ የወንዝ ከፍታ መዝገቦችን ከሳተላይት የዝናብ መረጃ ጋር አነጻጽራለሁ። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የሳተላይቱ መረጃ ደግሞ በፈረንጆቹ። ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ኮድ ያስፈልገኝ ነበር። ፈልጌም አንድ ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ አገኘሁ፦ ነፃ፣ ኦፕን ሶርስ፣ ሁለት መቶ መስመር ገደማ። ታዲያ በቃ አውርዶ መጠቀም ነው?

ብዙዎቻችን ሁለት ነገር አይተን እንወስናለን። ጊትሃብ ላይ ስንት ኮከብ አለው? መጨረሻ የታደሰውስ መቼ ነው? ሁለቱም መጥፎ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ግን የምንፈልገውን አይመልሱም። ኮከብ ማለት አንድ ሰው ወደደው ወይም «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ምልክት አደረገበት ማለት ነው። ጳጉሜን በትክክል ይቆጥር እንደሆነ ማንም ላያየው ይችላል። የእድሳቱም ነገር እንደ ሥራው ይለያያል። የይለፍ ቃል የሚጠብቅ ላይብረሪ አራት ዓመት ዝም ካለ ያስፈራል። የዘመን አቆጣጠር ሕግ ግን አይለወጥም፤ ዝምታው ሥራው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከቀኑ ይልቅ ተጠቃሚዎች ስህተት የሚያሳውቁበትን ገጽ አንብቡ። «ውጤቱ ተሳስቷል» የሚል መልእክት መልስ ሳያገኝ ተቀምጦ ከሆነ፣ እሱ ከኮከቡ የበለጠ ይናገራል።

«ትንሽ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚባለውም አያስኬድም። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት-ፓድ የተባለ የጃቫስክሪፕት ኮድ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ማከማቻ አነሳው። ሥራው ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መሙላት ብቻ ነበር፤ መጠኑም 11 መስመር። ነገር ግን ባቤልን የመሳሰሉ ትልልቅ መሣሪያዎች በእሱ ላይ ቆመው ስለነበር በብዙ ቦታ ሥራ ተስተጓጎለ። ኮዱ ትንሽ ነበር፤ ጥገኛው ግን ብዙ።

ትንሽነት የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፦ ሙሉውን ማንበብ ትችላላችሁ። ሁለት መቶ መስመር የአንድ ቡና ሥራ ነው። ጥሩ የቀን መቀየሪያ ብዙ ጊዜ ቀኑን መጀመሪያ ወደ አንድ የቀን ቆጠራ ይቀይራል፣ ከዚያ ወደ ሌላው አቆጣጠር ይመልሰዋል። እኔ ያገኘሁት ግን መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ጋር አስሮ በ«እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ካልሆነ» ይሄድ ነበር። ይህን ሳይ ጠረጠርኩ።

ቀጥሎ መልሳቸውን አስቀድሜ የማውቃቸውን ቀኖች ሰጠሁት። የደራሲውን ቴስት ብቻ ማስኬድ አይበቃም፤ እሱ ያላሰበውን ቴስቱም አያስበውም።

መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 አለ፤ ትክክል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፦ ሴፕቴምበር 11 አለ፤ ይህም ትክክል፣ ምክንያቱም ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። ጳጉሜን 6 ቀን 2016ስ? እንዲህ ያለ ቀን የለም። ላይብረሪው ግን ምንም ሳይል ተቀብሎ የመስከረም 1 ቀን 2017ን መልስ ሰጠኝ።

በመጨረሻ የዓድዋን ቀን ሞከርኩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ቀን 1896 ነው። እሱ ማርች 2 አለ። ከየት መጣ? እኛ በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን እንጨምራለን፤ ፈረንጆቹ ግን በ1900 ሳይጨምሩ አለፉ። ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። ዛሬ የዓድዋ በዓል ማርች 2 ላይ የሚውለውም ለዚህ ነው። ይህ ላይብረሪ የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ ወስዶ ለሁሉም ዘመን አድርጎታል።

ስለዚህ ፍርዴ ምንድን ነው? የጥንት ደብዳቤዎችን ለምትመዘግቡ አይሆንም። ለእኔ ግን መዝገቦቼ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ስለሆኑ የዓድዋው ስህተት አይነካኝም። የሚነካኝ የጳጉሜኑ ነው፤ በእጅ የተጻፈ መዝገብ ውስጥ የሌለ ቀን ተጽፎ ሲገኝ ኮዱ መጮህ አለበት እንጂ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ከፊቱ የራሴን ማጣሪያ ጨመርኩ፣ ሁለቱንም ስህተቶች ከነማስረጃቸው ለደራሲው ጻፍኩለት፣ ከዚያ ተጠቀምኩበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፈቃዱን እዩ። ኮዱ በአደባባይ ስለተለጠፈ ብቻ የጋራ አይሆንም፤ እንደ ኤምአይቲ ያለ የፈቃድ ጽሑፍ ከሌለው መብቱ የጸሐፊው ነው። ሁለተኛ፣ የምታነቡት የምታወርዱትን ጥቅል ይሁን፣ ቁጥሩንም አስራችሁ ያዙ። በ2024 እ.ኤ.አ. በኤክስዚ ዩቲልስ ውስጥ የተደበቀውን ተንኮል የሚያነቃው ክፍል የተገኘው ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ እንጂ በግልጽ በሚታየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ላይብረሪውን ከማውረዳችሁ በፊት መልሳቸውን የምታውቋቸውን አምስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቢያንስ አንዱ ትክክለኛ መልሱ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል ይሁን።