ግማሽ ጄሪካን

የጀልባ ሞተር አዲስ ሲገዛ መመሪያ መጽሐፍ አብሮት ይመጣል። ከሞተሩ ጋር እኔ ዘንድ የሚደርሱት መጽሐፎች ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ገጻቸው ዘይት የጠጣ ነው። ወደ መጨረሻው ያለች አንዲት ምዕራፍ ብቻ ሁልጊዜ ንጹሕ ናት፤ የኬንያው የናይቫሻ ሐይቅ ባለጀልባ አይገልጣትም። ሞተሩንና ነዳጁን ለክረምት እንዴት እንደሚያስቀምጡ የምትናገረው ምዕራፍ ናት።

ጸሐፊዎቹ ክረምት የሚሉት ሐይቅ ረግቶ ሰው በላዩ የሚራመድበትን ወቅት ነው። ባሕር ዳር ለተወለድኩት ለእኔ ክረምት ዝናብ ነው፤ ጣና የሚደፈርስበት፣ የገዳማቱ ጎብኚ የሚሳሳበት ጊዜ። ናይሮቢ ይህንንም አፈረሰችብኝ። እዚህ ትልቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ፣ ትንሹ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። አገር ቤት ሐምሌ ሲያወርደው የናይሮቢ ሰማይ ደመና ለብሶ፣ ሰው ሹራብ ደርቦ፣ ጠብ ሳይል ይከርማል።

ስለዚህ ምዕራፏን ሳነብ “ክረምት” በሚለው ቃል ፈንታ “ሞተሩ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ” እያልኩ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እንዲህ ሲነበብ ነገሩ ይገለጣል። ቤንዚንን የሚያበላሸው ብርድ አይደለም፤ እንዲያውም ብርድ ወዳጁ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በረዶ አገር ጋራዥ ውስጥ ስድስት ወር በደህና የሚያድር ጄሪካን በናይሮቢዋ ኢስሊ ሰፈር ቆርቆሮ ሥር ያን ያህል አይቆይም።

የእኔ ጥገና ቤት እዚያው ኢስሊ ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። የማስነሣው ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ፣ እና 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከናይቫሻ በፒክአፕ የሚመጡ የጀልባ ሞተሮችን ነው። ኬንያውያን እንደኛ ያለውን ሠራተኛ “ጁዋ ካሊ” ይሉታል፤ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ስለሚሠራ። እኔ ጣሪያ ስላለኝ ስሙ አይገባኝም፤ ለቤንዚኔ ግን ይገባዋል። ለሰው ጥላ የሆነው ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ ለጄሪካን ምጣድ ነው።

ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 25 ቀን 2023 መሆኑ ነው፣ አብዛኛው የኬንያ ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለመ። የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ መንገደኞቹን በስልክ መብራት አስቀመጠ፤ ከጄኔሬተሮቹ አንዱ አልነሣም ተባለና የኤርፖርቶቹ ኃላፊ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ቅዳሜ ጧት በሬን ስከፍት ጄኔሬተሮች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ከምሳ በፊት 11 ቆጠርኩ። አንዱ ካንዴላው ሞቶ ነበር። የቀሩት 10 ሕመማቸው አንድ ነው፤ ሰልባትዮው ግማሽ፣ ካርቡሬተሩ የተለጠፈ። ባለቤቶቹ ሁሉ የሚሉት ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ “ባለፈው ጊዜ እኮ ይሠራ ነበር፤ ነዳጅም አለው!”

ነዳጅማ አለው። ክፉው ነገር ያ ነው።

ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ከመካከላቸው ቀላሎቹ ቀድመው ይተናሉ፤ ሞተርን በመጀመሪያው ገመድ ጉተታ የሚያስነሡት እነሱ ናቸው። የቀረው ከባዱ ይቃጠላል፣ ግን አይነሣም። በዚያ ላይ አየር አለ። በማጣሪያ ፋብሪካ ከከባድ ዘይት ተሰብረው የተገኙት የቤንዚን ክፍሎች ከኦክስጅን ጋር ይያያዙና ሙጫ ይሠራሉ፤ መዳብና ናስ ሲነካቸው ደግሞ ይቸኩላሉ። ካርቡሬተር ውስጥ ናስ ሞልቷል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ነዳጅ የሚያልፍባት ጅግለር ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል፤ የፀጉር ውፍረት ያለው ሙጫ ከሸፈናት ሰውየው እስኪያልበው ገመድ ይጎትታል።

ታዲያ የሰው ስሕተት የቱ ጋ ነው? ቤንዚን ማስቀመጡ አይደለም። ግማሽ ማስቀመጡ ነው። ይህን ለመረዳት የእናቴን ጠላ ማስታወስ ይበቃኛል። ጋኑ ሞልቶ አፉ በጭቃ ሲመረግ ጠላው ይሰነብታል፤ እንግዳ መጥቶ ከተቀዳለት በኋላ የጎደለው ጋን ግን በነጋታው ይቆመጥጣል። የጠላና የቤንዚን መበላሸት መንገዱ የተለያየ ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው፤ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ።

ያ ባዶ ቦታ ይተነፍሳል። ቀን ሲሞቅ በክዳኑ መተንፈሻ በኩል የቤንዚን ትነት ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይገባል። ናይሮቢ 1,795 ሜትር ላይ ናት፤ ፌብሩዋሪ ላይ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ናይቫሻ ሌሊቱ ይብሳል። በየሌሊቱ የገባው እርጥበት ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይወርድና፣ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሞተር የሚጠጣው ደግሞ ከወለሉ ነው። ግማሽ ሰልባትዮ እንግዲህ በየቀኑ ጥሩውን እያስወጣ መጥፎውን የሚያስገባ ዕቃ ነው።

የእኔ ደንብ ከዚህ የመጣ ነው፤ ወይ ሙላው፣ ወይ ባዶ አድርገው። የቱን እንደምትሞላ ማወቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። የብረት ሰልባትዮ ባዶውን ከከረመ ይዝጋል፤ እሱ ይሞላ። ካርቡሬተር ባዶ ይሁን፤ የነዳጁን ቧንቧ ዘግተህ ሞተሩን አስነሣውና አንቆት እስኪጠፋ ተወው። የጀልባ ሞተር ከሆነ ማቀዝቀዣው ውኃ ማግኘቱን ሳታይ እንዳትሞክረው፤ ነዳጁን ላድን ብሎ ፖምፓውን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ (መስተዋት ፊት ስቆም አገኘዋለሁ)። በጠርሙስ የሚሸጠው ማቆያ ደህና ነገር ነው፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ገና ትኩስ ሳለ ይጨመራል፣ ከዚያም ሞተሩ አሥር ደቂቃ ይሠራና እስከ ካርቡሬተሩ ይደርሳል። የሞተውን አያስነሣም። “ሦስት ወር ሆኖታል፣ አሁን ጠብ ላድርግበት?” የሚለኝ ሰው ሁሉ ለሬሳ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ነው።

ሙላ ስል አፉ ድረስ ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ደንቤ ራሱን ይቃረናል። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፤ 20 ሊትር በ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.4 ሊትር ይጨምራል። ቦታ ካጣ ክዳኑን ይፈልጋል። ስለዚህ በ20 ሊትር ጄሪካን 19 እቀዳለሁ። ጀርመኖች ይህን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አስበውበታል፤ ባለሦስት እጀታው የብረት ጄሪካን እጀታው ሥር ያለው እብጠት ለአየር የተተወ ቦታ ነው፤ ሞልቶ እንኳ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ የራሳቸው ስስ ቆርቆሮ እያፈሰሰባቸው ሲቸገሩ የጀርመኑን ማረኩና ገለበጡት፤ ለጀርመን በሰጡት የወታደር ቅጽል ስምም ጠሩት። እኛ ዛሬ ቢጫውን የዘይት ፕላስቲክ ሁሉ ጄሪካን ስንል የምንጠራው በማራኪዎቹ አፍ ነው።

ቢጫውን ፕላስቲክ ለውኃ ተውት። አገር ቤት በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠውን ቤንዚን ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ቀጭን ነው፣ ያሳልፋል፣ ብርሃኑም ነዳጁን ያስረጀዋል። ከሞምባሳ የመጣ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ባሕር ጠለል ላይ ተዘግቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ነው፤ የናይሮቢ አየር ቀላል ስለሆነ። እንዲህ ያለውን ክዳን በአንድ ጊዜ የሚከፍት ፊቱን ይታጠባል። ሩብ ዙር አዙሮ እስኪያፏጭ መጠበቅ ነው።

አሮጌ ቤንዚንን በአፍንጫ ነው የምለየው። ትኩሱ አፍንጫን ይወጋል፤ ያረጀው የቫርኒሽ ዓይነት ከበድ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ከዚያ በብርጭቆ እቀዳለሁ። ሻይ ከመሰለ አልፎበታል። ሥሩ ላይ እንደ ጨሌ የሚንከባለል ጠብታ ካለ ውኃ ነው። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ወደ ቤንዚን መቀላቀል ስትጀምር ይህ ምርመራ ተወሳሰበ። ኤታኖል ውኃን ይወዳል፤ ትንሹን ውኃ ይውጠውና ጠብታ አያሳይህም፤ ሲበዛበት ግን ሁለቱ ተቃቅፈው ከቤንዚኑ ተለይተው ይወርዳሉ። ሲገዙም መጠንቀቅ አለ። ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. በላምባ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ የጣለችው ርካሹ ላምባ ከሌላ ነዳጅ ጋር እየተቀላቀለ ስላስቸገረ ነው። የተደባለቀ ነዳጅ በጥሩ ዕቃ ቢቀመጥ ያው የተደባለቀ ነዳጅ ነው። ናፍጣም የራሱ ጣጣ አለው፤ ውኃ ካገኘ ሻጋታ ያበቅልና ፊልትሮውን በጥቁር አተላ ይደፍነዋል።

ሁርሊንግሃም በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ልጅ ከዚያ የጨለማ ሌሊት በኋላ ደውላልኝ ሄድኩ። ጄኔሬተሯን ከማየቴ በፊት ደረጃው ሥር ያለውን አየሁ፤ ግማሽ የቀረው ጄሪካን፣ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል፤ ከጎኑ የከሰል ጆንያ፤ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጤሳል።

“ልጄ፣ ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?”

“ለጄኔሬተሩ ነው ጋሼ። ውጭ ባስቀምጠው ይሰርቁኛል።”

“ይስረቁሽ!”

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፤ እንደ ውኃ ወለሉን ይዞ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል። እሳት ያለው ዝቅ ካለው ቦታ ነው፤ ከከሰሉ ምድጃ ዘንድ። ጄሪካኑ ሩቅ መሆኑ አያድንም፤ ትነቱ ሄዶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ይህን ሳስረዳት ስለ 2004 እንቁጣጣሽ አነሣሁባት። ያን ቀን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2011፣ እኛ ናይሮቢ ያለነው ቄጤማ ጎዝጉዘን “እንኳን አደረሳችሁ” ስንባባል፣ በኢንዱስትሪው ሰፈር በምትገኘው ሲናይ ከነዳጅ መስመር ያፈሰሰ ቤንዚን ወደ ቦይ ገባ። ደሃው ሕዝብ ጄሪካንና ባልዲ ይዞ ሊቀዳ ወረደ። እሳቱ በቦዩ መጣ። ከ100 ሰው በላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤንዚን ቦይ ውስጥ የሚደፋ ሰው ባይ እጁን እይዛለሁ።

ልጅቱ ዝም አለች። ጄሪካኑን በዚያው አነሣን፤ ጓሮ፣ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚነፍስበት፣ ቁልፍ ያለው የሽቦ ሳጥን አሠራሁላት። ያረጀውን ወስጄ፣ አጥርቼ፣ አንዱን እጅ ከአምስት እጅ ትኩስ ጋር አድርጌ በአሮጌ መኪናዬ ጨረስኩት። በጀልባ ሞተር ግን አልሞክረውም። ሁለት ምት ያለው ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ 1 ለ50፣ በ20 ሊትር 400 ሚሊሊትር ነው። ቀላሉ ክፍል ተኖ ባለቀበት ድብልቅ ውስጥ ስንት ለስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። ሐይቅ መካከል ሞተር ሲጠፋ ጉማሬው መንገድ አይለቅም።

ያን ቅዳሜ የተበላሸው የደንበኞቼ ቤንዚን ብቻ አልነበረም። እኔ እንዲህ ላለው ቀን ሁለት የብረት ጄሪካን አስቀምጬ ነበር፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትኩስ የተቀዳ፣ 19 ሊትር 19 ሊትር፣ ማቆያ የገባበት፣ በጓሮው ግንብ ጥላ። የሞላሁበትን ቀን በነጭ ቀለም ጽፌበታለሁ። አሥሩን ካርቡሬተር አጥበን ስንጨርስ ለረዳቴ፣ ለኬንያዊው ወጣት፣ “ሂድ ያንን አምጣ” አልኩት። ባዶ እጁን መጣ።

“ሙዜ፣ ደፍቼዋለሁ፤ አሮጌው በርሜል ውስጥ።”

“ለምን?”

“ስምንት ዓመት የሆነው ቤንዚን ምን ያደርግልናል? ኦክቶበር 2015 ይላል።”

ሄጄ አየሁት። በገዛ እጄ፣ በትልልቁ፣ 10/2015 ብዬ ጽፌበታለሁ። 38 ሊትር ከአተላው ጋር ተቀላቅሏል። እኔው ነኝ የተጻፈበትን ቀን ሁሉ እይ፣ ጥርጥር ካለህ ድፋ ብዬ ያስተማርኩት፤ የተማረውን ነው የሠራው። ለአሥሩ ጄኔሬተር ቤንዚን ፍለጋ ማደያ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ዋልን።

አሁን ጄሪካኖቹ ሁለት ቀን አላቸው። አንዱን ጎን እኔ እጽፋለሁ፣ ሌላውን እሱ። መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጣቸው የእሱን ጎን ወደ በሩ አዙሮ ነው፤ የእኔን ለማየት ጄሪካኑን ማንሣት አለብኝ፤ ሳነሣው ደግሞ ጎድሎ እንደሆነ ክብደቱ ይነግረኛል።