ከልጁ አፍ የሚጀምር ንባብ

ወለጋ ውስጥ በምናገለግልበት የገጠር ትምህርት ቤት ባለቤቴ አንደኛ ክፍልን ታስተምራለች፤ እኔ ሁለተኛና ሦስተኛን በአንድ ክፍል አስቀምጬ አስተምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የላከችን ወንጌልም ፊደልም ይዘን እንድንሄድ ነው። ብዙ ይዞ የመጣ መምህር ቶሎ ማራገፍ ይወዳል፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ሳይሰማ የራሱን ይጀምራል። ከዚህ ሙያ የሚከብደው ማድመጡ ነው።

ይህን ከእኛ በፊት ያወቁ ነበሩ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው፣ ነጻ ከወጡ በኋላ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ 79 አጫጭር ታሪኮች ይዟል፤ ብዙዎቹ አስቴር ከሕዝቧ አፍ የምታስታውሳቸው ነበሩ። በ1899 የወጣውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመተርጎም የሚደክሙ ሰዎች ለተረት ጊዜ አጣን ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እነሱ ግን ጊዜ ሰጡት። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምት ላይ ማስተማር ሲጀምሩ ያ ማንበቢያ በእጃቸው ነበር።

እኛም በተረት እንጀምራለን። ማታ ልጁ አያቱን ይጠይቃል፤ ጠዋት ዱርዱሪውን፣ ማለትም ተረቱን፣ ለክፍሉ ይናገራል። ባለቤቴ ከተናገረው አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መርጣ፣ ቃሉን ሳትለውጥ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ዓይናቸው ከፊደሉ ጋር አይጣላም።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የሚያውቀውን ተረት በቃሉ የሚያነበንብና በእውነት የሚያነብ ልጅ በድምፅ አይለዩም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን የሳሙና ካርቶን ላይ ጽፈን እንቆራርጣለን፣ እናደበላልቃለን፤ ልጁ መልሶ እንዲደረድር እንጠይቃለን። በቃሉ የያዘው እዚያ ላይ ይቆማል። አንዱን ቃል አውጥተን ደግሞ በክፍለ ቃል እንሰነጥቀዋለን። የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን፣ የሚረዝመውን አናባቢ አናባቢውን በመድገም ይጽፋል፤ የልጁ ምላስ ልዩነቱን ስለሚያውቀው፣ ቃሉን ጮክ ብሎ እንዲለው ካደረግነው ስንት ፊደል እንደሚያስፈልግ ራሱ ይነግረናል። መምህሩ ቸኩሎ ካረመው ግን ይህ ዕድል ያልፋል።

የቀኑ ሥራ ከዝናብና ከቡና ጋር ይሄዳል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መናገር ስለማይቻል ያን ሰዓት ለጽሕፈት እናውለዋለን። ቡና ለቀማው ሲደርስ ወንበሮቹ ይሳሳሉ። ያን ጊዜ አዲስ ትምህርት መግፋት ቤተሰቡን የረዳውን ልጅ መቅጣት ስለሚሆን፣ ያለፈውን እንከልሳለን። ከትምህርት በኋላ ጎረቤት የማዳበሪያ ዕዳ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ይመጣል፤ «ባርሲሳ (መምህር)፣ ይህን አንብብልኝ» ይላል። ይህንንም ከማስተማሩ ለይቼ አላየውም። ልጁ አባቱ በወረቀት ፊት ሲቸገር ካየ፣ ለምን እንደሚማር ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

በክፍላችን የመካነ ኢየሱስ፣ የኦርቶዶክስና የዋቄፈና ቤተሰብ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። ስለምናምነው የሚጠይቀን ሁሉ በግልጽ መልስ ያገኛል፤ እሑድም እንሰብካለን። የንባቡን ሰዓት ግን ለስብከት አንወስድም። ፊደልን የሃይማኖት መግቢያ ዋጋ ማድረግ ልጁንም ወንጌሉንም ያዋርዳል ብዬ አምናለሁ። አዲስ ለሚላኩ መምህራን ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ፈተናው በክፉ ሰው ላይ ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ ነው፤ በሚያምነው ነገር የሚቃጠለውን ሰው ይበልጥ ይይዛል።

ዘንድሮ ከለቀማው በኋላ እናቶቹን ማታ ማታ ልናስተምር አስበናል። የመዝሙሩን መጽሐፍ ራሳቸው ማንበብ ይፈልጋሉ፤ እናደርሳቸዋለን። ባለቤቴ ከወዲሁ በየቤቱ እየዞረች እናቶቹ የሚያወጓትን በደብተር መመዝገብ ጀምራለች። እኔም ከገበያ ካርቶን እያጠራቀምኩ ነው፤ ለእናቶቹ ዓይን እንዲመች ፊደሉን ጎላ አድርገን ስለምንጽፍ ከልጆቹ ይልቅ ብዙ ካርቶን ይፈልጋል።