የዓለም ቋንቋ በዳንግላና በእንጅባራ ሚዛን

እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ስለ መሆኑ የሚካሄደው ጥናት ዛሬ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሆኗል። ሊቃውንት፣ መጽሔቶችና ጉባኤዎች አሉት፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ ዙሪያ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ይቀርባሉ። ይህን ሥራ ሲተቹ የኖሩት የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው። ይሁን እንጂ የጥናት ጽሑፍም እንደ ልብ ወለድና እንደ ተውኔት ከሰው ኑሮ የሚቀዳ ድርሰት ነው፤ ባለታሪኮች አሉት፣ ተራኪ አለው፣ ማን እንደሚሰማው አስቀድሞ የሚወስን ቋንቋም አለው። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ሊዳስሰው ይገባል። ለዚህም የአዊ ምድር፣ በተለይ ዳንግላና እንጅባራ፣ ጥሩ ሚዛን ይሆናሉ።

በዘርፉ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ህንዳዊው ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝኛ የሚነገርበትን ዓለም በክበቦች ከፈሉት፤ በመሃል ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነላቸው፣ ቀጥሎ በቅኝ አገዛዝ የተቀበሉት፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩት። ዴቪድ ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ቋንቋ በዓለም ላይ የሚነግሠው በሰዋስው ቅለት ወይም በውበት ሳይሆን በተናጋሪዎቹ ኃይል እንደ ሆነ፣ ይኸውም በእንግሊዝ ግዛት መስፋፋትና በኋላም በአሜሪካ ሀብት እንደ ተፈጸመ አስረዱ። ቀደም ሲል የብሪቲሽ ካውንስል ባልደረባ የነበሩት ሮበርት ፊሊፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ ሂደት የቋንቋ ኢምፔሪያሊዝም ብለው ሰየሙት፤ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሙያ ራሱ የኃይል መሣሪያ መሆኑንም ያለ ርኅራኄ ገለጹ።

ኢትዮጵያ በየትኛው ክበብ ትገባለች? ቅኝ አልተገዛችምና በሁለተኛው አትቆጠርም። ልጆቿ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማሩት፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁትም በእንግሊዝኛ ነውና «ባዕድ ቋንቋ» የሚለው የሦስተኛው ክበብ ስምም አይበቃትም። ሥዕሉ ለሌላ አገር የተለካ ልብስ ነው። የእኛ ተመራማሪዎች ግን ልብሱን እንደ መቅደድ አካሉን ለማጥበብ ሲጥሩ ይታያሉ።

የአዊ ታሪክ ራሱ ከእነዚህ መጻሕፍት የማይገኝ ነገር ይነግረናል። እንግሊዝኛ ወደዚህ ምድር የገባው በትምህርት ቤት በር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆነው መቀመጫቸው ዳንግላ ነበር። የጣናን ዳርቻ ዞሩ፣ የዓባይን መንገድ ተከትለው ካርታ አነሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ብሪታንያ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ምን ያህል ትቋምጥ እንደ ነበረ የሚያውቅ አንባቢ የካርታውን ትርጉም አይስተውም። መጽሐፉ ደግሞ መጥፎ አይደለም። ጸሐፊው አስተዋይ ዓይን አላቸው፤ ወፉንም ገደሉንም ይለያሉ። ነገር ግን መንገድ ያሳዩአቸውና ወንዙን ያሻገሯቸው ሰዎች በራሳቸው ሥዕል ላይ ፍርድ ሊሰጡ አልቻሉም፤ በማይነበብላቸው ቋንቋ ተጽፏልና። ያ ዕውቀት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ሲባረር ጠቅሟል፤ ቺዝማን በካርቱም የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለው የመረጃ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኮሎኔል ሳንድፎርድም ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ገብተው በፋግታ ሰፍረው ነበር። ባለቤታቸው ክርስቲን ሳንድፎርድ ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እንግሊዝኛ በአንድ እጁ ነፃነትን ሲደግፍ በሌላው የመለኪያ ገመዱን እንደያዘ መጣ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያይ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው፤ ክሪስታልም ሆኑ ፊሊፕሰን ለአዊ የማይበቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይታወቃል። ከጦርነቱ በፊት የዘመናዊው ትምህርት ዋነኛ ቋንቋ የነበረው ፈረንሳይኛ ስፍራውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አዊኛ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወሰነ፤ አዊኛም ከቤትና ከገበያ ወጥቶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጣ። ያው ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስቀመጠ። በእንጅባራ ዙሪያ ያለ የገበሬ ልጅ በአዊኛ ጀምሮ፣ በአማርኛ አልፎ፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። በሥዕሉ ላይ አንድ ክበብ የሚዘለው መስሎ ሲታይ እርሱ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። የመጀመሪያው ወንዝ አማርኛ መሆኑን አማርኛ ተናጋሪው ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። የእንግሊዝኛን ጫና የሚወቅስ ሁሉ ይህን ወንዝ መቁጠር ግዴታው ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ ለተውኔት ሰው ብዙ ያስተምራል። በመድረኩ ላይ አንድ ተዋናይ ብቻ አለ፤ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተመልካቹ ቢስቅም ቢያለቅስም አይሰማውም። መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ከፋች ሆነ። ስለ ፕላዝማ የተጻፉ ጥናቶች ስለ ድምፁ ፍጥነትና ስለ መብራት መቋረጥ ይዘረዝራሉ፤ ይህ የመምህሩ ውርደት ግን በሠንጠረዥ ውስጥ መግቢያ አላገኘም።

ጥሩ ጥናት የለም ማለት አይደለም። ካትሊን ሂውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱት የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ደፋር ሥራ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳየ፤ እንግሊዝኛን አስቀድሞ ማስተማሪያ ማድረግ እንግሊዝኛን ማወቅ እንዳልሆነም ተናገረ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ ጦርነቱም፣ የትምህርት ቤቶቹ ድህነትም፣ ሌላውም ምክንያት አለው፤ ፈተናው የተጻፈበት ቋንቋ ግን ከምክንያቶቹ ውጭ ሊሆን አይችልም። ይህን ሁሉ ለወላጆች ኮሚቴ ማስረዳት የሚችለው የሂው ጥናት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የልጁ አባት ስለ ልጁ ቋንቋ የተደረሰበትን ፍርድ በቋንቋው አልሰማም።

የሂሱ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የቋንቋ ጥናት መስክ ላይ በአማርኛ ወይም በአዊኛ ይወራል፣ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ይቀመጣል። በመካከል የሚወድቀው ምንድን ነው? አንድ የዳንግላ መምህር «እንግሊዝኛ ለልጆችዎ ይጠቅማል?» ተብሎ ቢጠየቅ «እንዴታ! ባይጠቅም ነው እንዴ ፊዚክስ የማይገባቸው?» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሰሙን የሰማ ተመራማሪ «በጣም እስማማለሁ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል። ወርቁ ከመምህሩ ጋር ዳንግላ ይቀራል። በቅኔ ያደገ ሕዝብ ከአንድ እስከ አምስት በሚቆጥር መጠይቅ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ቁጥር ይወጣዋል እንጂ እውነት አይወጣውም።

ይህ ችግር በድርሰት ዓለም አዲስ አይደለም። ከዳንግላ አጠገብ በአቸፈር የተወለደው አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በአማርኛ ጽፎ አገር አናወጠ፤ በእንግሊዝኛም ጽፏል፤ ሰፊው ሕዝብ ስሙን ሲያነሣ የሚያስታውሰው ግን በአማርኛ የተናገረውን ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሥራውን መጀመሪያ በቸሃ ቋንቋ ጻፈ፤ በዎልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ወጣ። መነሻው የመንደሩ አፍ፣ መድረሻው ዓለም ሆነ። ተመራማሪ ይህን ቅደም ተከተል ከደራሲ ቢማር ምን ይጎዳዋል? ሥራዬ ለዓለም ምሁራን ስለሚቀርብ በእንግሊዝኛ ልጻፍ ቢል መብቱ ነው፤ እንግሊዝኛን ያጠናል፣ እንግሊዝኛም የሙያው መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ለተናጋሪው ሳያስረክብ ለዓለም ማስረከቡ ግን አያስመሰግነውም።

አዊኛ በዚህ ረገድ አሳዛኝ ምሳሌ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን ስለ ግሱ ሥርዓት የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ታተመ። የአገሪቱ የቋንቋ ቅኝት ውጤት፣ የቤንደርና የባልደረቦቹ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በኦክስፎርድ ወጣ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። በአዊኛ የሚያስተምር መምህር የገዛ ቋንቋውን ግስ በሊቃውንት ሚዛን ለማየት ቢሻ መጀመሪያ እንግሊዝኛ መቻል ይኖርበታል። እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ መሆኑ የሚረጋገጠው በለንደን ወይም በኒውዮርክ አይደለም፤ የአዊኛ ሰዋስው ወደ እንጅባራ በእንግሊዝኛ ሲመለስ ነው። ይህን ራሱን ያጠና ጽሑፍ ቢኖር ከብዙ መጠይቅ በበለጠ ነበር።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በዚያው ከተማ አለ፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። በእንግሊዝኛ ክፍል የሚቀርብ እያንዳንዱ የጥናት ጽሑፍ አሥር ገጽ የሚሆን የአማርኛና የአዊኛ ቅጂ እንዲኖረው፣ ጽሑፉ ከመጽደቁ በፊትም በተጠየቁት መምህራን ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ማድረግ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በዚያ ንባብ ላይ «እኔ እንዲህ አላልሁም» የሚል መምህር ይነሣል። መርማሪው የመጀመሪያ እርማቱን የሚጽፈው ከዚያ መምህር አፍ ሰምቶ፣ በአዊኛ ነው።